ቀለሙን የለቀቀው ቀለበት

ወይዘሮ ትርንጎ የፒያሳውን የጌጣጌጥ ሱቅ በር በርግደው ገቡና የልጃቸውን የእጮኝነት ቀለበት ባንኮኒው ላይ ወረወሩት። ጥቁር የነበረው የኦፓል ድንጋዩ ቀለሙን ለቅቆ እንደ እጣቢ ደፍርሷል።

«አንተ ሌባ!» አሉ ሻጩን። «የተፈጥሮ ነው እያልክ ቀለም የተነከረ ድንጋይ ትሸጣለህ? ያ ምስኪን እጮኛዋ ከጅማ ድረስ መጥቶ የገዛላትን! እኔ እንኳ ገና በዓይኔ ያላየሁትን ልጅ አታለልከው!»

ገበያተኞቹ ዞር ብለው አዩ። ሻጩ ቀለበቱን አገላብጦ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እትዬ፣ ቀለም የተነከረ መሆኑን ሳልናገር አልሸጥኩም።»

«ዋሽተሃል! እሱ ቢያውቅ ኖሮ ይገዛው ነበር?»

«ወንድ አልመጣም፤ ደህና አድርጌ አስታውሳታለሁ። ቀለበቱን የገዛችው ራሷ ልጅዎ ናት፤ ብቻዋን።»

ወይዘሮ ትርንጎ ቀለበቱን ከሻጩ እጅ መልሰው ወሰዱት።

«ውሃ ከነካው ቀለሙ ብዙ አይቆይም ብያት ነበር» አለ ሻጩ። «እሷም፣ ‹እናቴ መቼ ነው የምታገቢው ማለቷን እስክታቆም ድረስ ከቆየልኝ ይበቃኛል› አለችኝ።»