ከዴስክ ሥር የመጣ ድምፅ

የሥነ ልቦና አስተማሪያችን ከክረምቱ ወዲህ ፈገግ ብለው አያውቁም። ዛሬ ሳላስቃቸው አልውልም ብዬ ከክፍሉ ልጆች ጋር ተወራረድኩ።

«በእያንዳንዳችን ውስጥ የተደበቀ ሕፃን አለ» አሉን። «ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በስሙ ጥሩት።»

«ቲቸር፣ እኔ ውስጥ ዘጠኝ አሉ፤ ትልቁማ ባለፈው እሑድ ሚስት አገባ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

«አንተ ቀልማዳ፣ ተመልከት!» ብለው ራሳቸው ዐይናቸውን ጨፈኑና «ሚልኪ!» ሲሉ ተጣሩ።

የልጅነት ስማቸው መስሎኝ ዴስክ ሥር ገባሁና ድምፄን አቅጥኜ «አቤት!» አልኩ።

ዐይናቸውን ሳይገልጡ ተንበረከኩ፤ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሚልኪዬ፣ ልጄ... ወንዙ ውስጥ በጣም በርዶህ ነበር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ኧረ አልበረደኝም፣ አባዬ» አልኩ በዚያው በቀጠነ ድምፄ። «ውኃው ሞቃት ነበር።»