"ማሽኑ በደንብ ይሠራል" ተብሎ የተፈረመበት መዝገብ

ሰዎቹን አንድ በአንድ እንወቃቸው...

ጋሽ ብሎን፦ የአንድ ትልቅ ላውንደሪ መካኒክ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ብሎን ሲያጠብቁ ስለኖሩ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

እትዬ፦ የአንሶላ መተኮሻ ማሽኑ ላይ የሚሠሩ እናት። እሳቸው ባሉበት ሰው አይታማም፤ ፊት ለፊት ይሰደባል እንጂ።

ቀይ እስክሪብቶ፦ ወጣቷ ተቆጣጣሪ። ቅጽል ስሟ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባችኋል።

ሥራ አስኪያጁ፦ "ባለቤቱ መዝገቡን ስለሚያነቡ የፈረቃ ርክክብ በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፍ!" ብለው ያዘዙ ሰው።

ባለቤቱ፦ ሠራተኛው በዝና እንጂ በመልክ የማያውቃቸው።

"ማሽኑ ታሟል!"

ቀይ እስክሪብቶ በጠዋቱ ስብሰባ፣ ሠላሳ ሰው ፊት ቆማ፣ ስህተቱን በቀይ ያሰመረችበትን መዝገብ ታነባለች...

"ጋሽ ብሎን 'ዘ ማሽን ኢዝ ሲክ' ብለው ጽፈዋል። ምን ይሻላል ጎበዝ? አልጋ እንያዝለት ወይስ አስታማሚ እንቅጠርለት?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ ማሽኑን ሄደሽ አየሽው?" አሉ እትዬ።

"እኔ የማየው የተጻፈውን ነው!"

ጋሽ ብሎን መፍቻቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። የልጃቸው እኩያ ናት፤ ምን ይበሏት?

ከዚያን ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓታቸው አለቀ። ከኪሳቸው የምትገባ የእንግሊዝኛ መማሪያ ገዝተው "ጎ፣ ዌንት፣ ጎን... ብሬክ፣ ብሮክ፣ ብሮክን..." ሲሉ ይውላሉ። የተፈታ ማርሽ ሳጥን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚገጥሙት ሰው፣ የትናንቱን ግሥ ከዛሬው መለየት አቃታቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመተኮሻውን ማሽን ሲፈትሹ የአደጋ ማቆሚያ ቁልፉ አመሉን አሳየ።

ሁለቴ ሲጫኑት አቆመ... በሦስተኛው እምቢ አለ።

እስክሪብቶ አነሡ።

'ብሮክ' ልበል 'ብሮክን'? ግን እኮ አልተሰበረም... አንዳንዴ እሺ፣ አንዳንዴ እምቢ ነው የሚለው። 'እምቢ አለ' ምን ይባላል? መማሪያዋ ጀርባ ያለውን መዝገበ ቃላት ቢገልጡ ለአንዱ ቃል አምስት ደረደረላቸው። የትኛው ለሰው ነው? የትኛው ለማሽን?

የሠላሳው ሰው ሳቅ ጆሯቸው ላይ ጮኸ።

ውጭ ደግሞ የሠራተኛ መኪናው ጥሩምባውን ይነፋል...

በመጨረሻ ስህተት እንደሌለባት እርግጠኛ የሆኑባትን ብቸኛ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "ማሽኑ ተፈትሿል፤ በደንብ ይሠራል።"

"ጠዋት በአፌ እነግራቸዋለሁ" ብለው ሄዱ።

ቀይ እስክሪብቶ ከጎኑ "በጣም ጥሩ!" ብላ ጽፋ ፈረመች።

የመተኮሻ ክፍል ግን ሥራ የሚጀምረው መካኒኮቹ ከመግባታቸው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የእትዬን እጅጌ የጋለው የማሽኑ ሮለር ያዘው።

ቁልፉን መቱት... እምቢ። ደገሙት... እምቢ!

አንዷ ባልደረባቸው ሮጣ የግድግዳውን ዋና ማብሪያ ባታወርደው ኖሮ እጃቸው አብሮ ይሄድ ነበር። እጃቸው ተረፈ። ክንዳቸው ግን ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ተቃጠለ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠሩ። ጥግ ላይ ተራ ጃኬት የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ የኢንሹራንስ ሰው መሰሏቸው።

"ውሸታም!" አለች ቀይ እስክሪብቶ። "ይሠራል ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ።"

"አይሠራም ማለት አቃተዎት?"

"ማለትማ አላቃተኝም፤ መጻፍ ነው ያቃተኝ። መሳቂያ ከምሆን ብዬ የማልሳሳተውን ጻፍኩ። ጥፋቱ የኔ ነው... ግን የሰው ክንድ የሚያቃጥል ነገር ላይ 'በጣም ጥሩ' ያልሽው አንቺ ነሽ!"

"ቋንቋው ትክክል ነበራ!"

"ቋንቋው ትክክል ነበር" አሉ እትዬ፣ የተጠቀለለ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው። "ይኸው ትክክሉ። አርሚልኝ!"



ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን ወደኋላ ገለጡ። ከዚያ የሳቅ ጠዋት ወዲህ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ የጋሽ ብሎንም የሁለቱ መካኒክ ባልደረቦቻቸውም ጽሑፍ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ማሽኑ ተፈትሿል፤ በደንብ ይሠራል...

"ሦስቱም ይባረራሉ!" ብለው ጮኹና ወደ ጥጉ ዞሩ። "ጌታዬ፣ እርስዎ የሚያነቡትን መዝገብ እንዲህ መቀለጃ..."

ለካ ሽማግሌው ባለቤቱ ኖረዋል!

"አላነበውም" አሉ ሽማግሌው።

"እንዴት?"

"እንግሊዝኛ አላውቅም። በየወሩ የምትልክልኝን መዝገብ ወደ ቋንቋዬ የሚመልስልኝ ሰው ቀጥሬያለሁ። አላውቅም ብል ትንቁኛላችሁ ብዬ ዝም አልኩ። በእንግሊዝኛ ይጻፍ ያለህ ማነው?"

"ለ... ለክብርዎ ብዬ ነው።"

"ለማያውቁሽ ታጠኚ!" አሉ እትዬ ሥራ አስኪያጁን እያዩ።

ሲነታረኩ ቆዩና፣ አንዳንዱ ፊቱን እንዳጠቆረ፣ ሁሉም በዚህ ተስማሙ።

መካኒኩ ያየውን በገዛ ቋንቋው ወዲያውኑ ይጽፋል። ያጠራጠረው ማሽን መዝገቡ ሳይጠበቅ ወዲያው ይቆማል። ተቆጣጣሪዋ ማሽኑን በዓይኗ ሳታይ አትፈርምም። የማባረሩ ነገር ቀርቶ ጋሽ ብሎን የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ ያለ ክርክር ፈረሙ። ሥራ አስኪያጁም ትእዛዛቸውን በገዛ እጃቸው ሻሩ።

ቀይ እስክሪብቶ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትነሣ እትዬ አስቆሟት።

"ይቅርታሽን ያዢው። ክንዴ እስኪድን ማሽኑ ላይ በኔ ቦታ አንቺ ቁሚ።"

ልጅቷ ባለቤቱን አየች፣ ሥራ አስኪያጁን አየች... የሚያስጥላት ጠፋ።

"እሺ" አለች።

የባዕድ ቋንቋ እየተሳሳቱ ነው የሚለመደው። በተሳሳተ ሰው ላይ የሚስቅ ግን ሰውየው እንዳይሳሳት አያስተምረውም፤ እንዲደብቅ እንጂ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ይገባ የነበረው ለማን ነው? ለጻፉት፣ ለሳቀችው ወይስ ላዘዙት? ኮመንት ላይ ከነምክንያታችሁ ጻፉልን፤ ፊደል በሳተ ሰው አንስቅም።