አራት መቶ አስራ ሁለተኛው ካርድ

አይ አባዬ፣ «የጤና ቢሮዋ ልጅ ምን አደረገችህ» አትበለኝ! ምን ያላደረገችኝ አለ? ስልኩን ዘጋህብኝ አይደል? እሺ፣ እንግዲህ በድምፅ መልእክት ስማኝ።

ክሊኒኬን ቶሎ ዝጋልኝ፣ ደክሞኛል ያልከኝ አንተ ነህ። ይኸው ከሥራዬ ፈቃድ ወስጄ ወር ሙሉ እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። ማስታወቂያውን በር ላይ ለጠፍኩ። ጊዜያቸው ያለፈ መድኃኒቶችን ኮሚቴ ፊት አስወገድኩ። የታካሚዎችህን ካርድ በካርቶን ተሸክሜ ለአዲሱ ክሊኒክ አስረከብኩ። ወገቤ ተቆረጠ! የቀረው የጤና ቢሮዋ ሴትዮ ፊርማ ብቻ ነበር።

እሷ እቴ! መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ «መዝገቡ ላይ አራት መቶ አስራ ሁለት ታካሚ አለ፤ ያስረከባችሁት አራት መቶ አስራ አንድ ካርድ ነው» አለች።

«እህቴ፣ በአንድ ካርድ ልታመላልሺኝ?»

«አንዱም ሰው ነው፣ ወንድሜ።»

አንተን ስጠይቅህ ደግሞ ምን አልክ? «ተወው፣ ሰውዬው ከእንግዲህ ሐኪም አያስፈልገውም።» ሞቷል ማለት ነው ብዬ ሄጄ ነገርኳት። «የሞት ማስረጃ አምጣ፤ ካልሆነ ሐኪሙ ራሳቸው መጥተው ያስረዱ» አትለኝም! አሁን አንተን፣ ሦስት ደረጃ ወጥተህ ቁጭ የምትለውን ሰው፣ እዚያ ሰልፍ ላይ ላቁምህ? አላደርገውም! ይቺ ሴት ጥርስ ነክሳብኛለች ብዬ ዛሬ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኳት። አዎ፣ ጮህኩ። ጥበቃው ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ደስ ይበልህ።

በንዴት ወደ ክሊኒክህ ሄድኩ፣ ካርዱን አግኝቼ ጠረጴዛዋ ላይ ልወረውርላት። ባዶውን መደርደሪያ፣ የምርመራ አልጋው ሥር ሳይቀር ፈተሽኩ። የጠረጴዛህ መሳቢያ ተቆልፏል። ሰበርኩት፤ ይቅርታም አልጠይቅም።

ካርዱ እዚያ ነበር። ከፈትኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንተ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ የመጨረሻው መስመር «ታካሚው ሕክምና አልፈልግም ብሏል» ይላል።

ማነው ይሄ ግትር ብዬ ሽፋኑን መለስኩት። የታካሚው ስም ያንተ ነው።

አባዬ፣ ለእኛ ለመንገር የየትኛውን ቢሮ ፈቃድ ነበር የምትጠብቀው?