ሦስት ልባስ

በ1988 ዓ.ም. ሶፋ አልባሹ ወጋየሁ ላፍቶ ባለው ሱቁ የወይዘሮ ፀሐይወርቅን ባለ አንድ መቀመጫ ሶፋ ሊያድስ ጨርቁን ገፈፈ። መደገፊያው በግራ በኩል በቢላ ተወግቷል። ከሥሩ የቆየ ሌላ ጨርቅ ነበረ፤ እሱም እዚያው ላይ ተወግቷል። ሦስተኛውም እንደዚያው። የሦስቱም ክር የተበጠሰው ወደ ፊት ነው፤ ስለቱ የመጣው ከሶፋው ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ውስጡ የታጨቀውን የፈረስ ጭራ በጣቱ ፈተሸ፤ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ምንም የለም። አዲስ ከፋይ ጨርቅ አለበሰው።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ከባለቤታቸው ጋር ሊወስዱት ሲመጡ ግን፣ «እትዬ፣ ሰው ባይቀመጥበት ይሻላል» አላቸው።

«አንተ ወጋየሁ፣ ያያቴን ሶፋ ልታስቀር ነው?» ብለው ሳቁ። «ለባሌ ለእንግዳ ነው ያሳደስኩት፤ ወገቡን አሞታል።»

ባለቤታቸው አቶ እንግዳ ከዘራቸውን አቀበሏቸውና እዚያው ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ።

«ይተዉ፣ ይነሱ ጋሼ!»

«እሰይ! እንዴት ይመቻል» አሉና ወደ ኋላ ተደገፉ።

ከፋዩ ሲቀደድ ተሰማ። የአቶ እንግዳ ሸሚዝ ግራ ደረታቸው ላይ ቀስ እያለ ወደ ፊት ተወጠረ፤ ከዚያም ቀላ። ወጋየሁ ዘሎ ሁለት እጃቸውን ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳባቸው።

ሶፋው አብሮ መጣ።