የተገላበጠው ሽብልቅ

መኪናዋ አሮጌ ናት። የገበሬው አማች ከአንድ ጡረተኛ ሹፌር የገዛት ለዚህ ጉዞ ሲል ነው። አማቹ ቀያሽ ነው። ሥራ ያገኘው ከበረሃው ማዶ ሲሆን ሰኞ ጠዋት ካልተገኘ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡት ነግረውታል። ሚስቱ፣ የገበሬው አንድያ ልጅ፣ አብራው ትሄዳለች። ገበሬው ደግሞ እናቷ ከሞተች ወዲህ ከእሷ በቀር በቤቱ ሰው የለውም።

መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል። ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ወንዝ ነው። መኪናዋን ከመሬት ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ።

መካኒኩ እገበሬው ግቢ ድረስ መጥቶ ባሌስትራዋን፣ የሚሸከማትን ተደራራቢ ብረት፣ ለወጠና ከፍ አደረጋት። ከዚያ ከሥሯ ገብቶ በጀርባው ተንጋለለና እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ብዙ ቆየ።

«መኪናም እንደ ሰው ናት» አለ ከሥር ሆኖ። «ታኮ ጫማ ስታደርጉላት ወገቧን ያማታል።»

«ወገቧ የቱ ነው?» አለ አማቹ።

«ካርዳኑ ነዋ! ይሄ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ረጅም ዘንግ። እሷ ከፍ ስትል እሱ ይንጋደዳል። ሲንጋደድ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ መጋጠሚያውን ይበላል። ቁልቁለት ላይ ከተበጠሰ እንግዲህ መካኒክ ሳይሆን ቄስ ጥሩ።»

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ከባሌስትራው ሥር፣ በግራና በቀኝ፣ የብረት ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ የዘንጉን መጋጠሚያ ቀና ያደርገዋል። ልጅቱ የእጅ ባትሪ ይዛ ተንበርክካ ታበራለች። መካኒኩ እጁን በዘረጋ ቁጥር የሚፈልጋትን መፍቻ ታቀብለዋለች። ገበሬው ከኋላ ቆሞ ያያል።

«ሽብልቁ ቢገላበጥስ?» አለ ገበሬው። በዚያን ቀን ከአፉ የወጣው ይሄ ብቻ ነው።

«አይገላበጥም፣ አባባ። ወፍራሙ ጎን ወደ ኋላ ነው። ከተገላበጠማ ዘንጉ ጭራሽ ይብስበታል።»

ሲጨርሱ ነፋስ ተነሳ። ገበሬው ኮቱን ሊለብስ ሲል ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልወጣ አለው፤ አማቹ እጅጌውን ያዘለት። ከጋሪ ወድቆ ትከሻው ከወለቀ ጀምሮ እንዲህ ነው። መካኒኩ መኪናዋን ከመንደሩ መውጫ እስካለው ድልድይ ነድቶ ተመለሰ። አንዲት ነገር አልተንቀጠቀጠችም።

ሐሙስ ማለዳ ጭነው ተነሱ። ገና ከድልድዩ ሳይርቁ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ይርገበገብ ጀመር። ተመለሱ። መካኒኩ ተጠራ፤ ከሥር ገባ፤ ወጣ። ሽብልቆቹ ተገላብጠዋል።

«እንግዲህ እርጅና ነው» አለ አንገቱን እያከከ። «ትናንት ዓይኔ እያየ ነበር በትክክል የከተትኳቸው።» አስተካክሎ ሄደ።

ዓርብ ተነሱ። እዚያው ድልድዩ ጋ ወለሉ ደግሞ ተርገበገበ። ሽብልቆቹ ደግመው ተገላብጠዋል።

በዚህ ጊዜ መካኒኩ አንገቱን አላከከም። አማቹን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው።

«ስማ ወንድሜ፣ አንዴ እሳሳታለሁ። ሁለቴ ለመሳሳት ግን ሰካራም አይደለሁም። ብሎኑ ላይ አዲስ ጭረት አለ፤ ይሄ የሰው እጅ ነው።»

«የማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ ሽብልቁ ቢገላበጥ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነው። አጎቴ ልጁን ሲድር ሳምንት ሙሉ አልጋ ይዞ ነበር። ሙሽራዋ ስትመለስ ግን ምንም አላመመውም።»

አማቹ ወደ ጎተራው አየ። የቤቱ መፍቻዎች ያሉት እዚያ ነው። ገበሬው በራፉ ላይ ተቀምጦ የማረሻ ጫፍ ይስላል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከማንም ጋር ሁለት ቃል አልተነጋገረም። ልጅቱ የወረደውን ዕቃ መልሳ ታስራለች። አላጉረመረመችም።

«ነገ በማለዳ እንነሳለን» አለችው ባሏን። «አይዞህ፣ ሰኞ አያልፈንም።»

ቅዳሜ የመጨረሻዋ ቀን ናት። አማቹ ጎህ ሲቀድ ከሥር ገብቶ አየ። መካኒኩ ዓርብ መልሶ ያስተካከለው ወፍራም ጎን ደግሞ ወደ ፊት ዞሯል። ወጥቶ ልብሱን ሳያራግፍ ማረሻውን የሚስለው ገበሬ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ልጅዎ እኮ ናት የምትሳፈረው። ቁልቁለት ላይ ቢበጠስስ?»

ገበሬው መሳሉን አቆመ። ልጁን አያት። ፍራሽ እየጠቀለለች ነበር፤ ቀና አላለችም። ከዚያ መሬቱን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?»

«ቤቱ ባዶ ይሆናል።»

አማቹ አፉ ላይ የደረሰውን ስድብ ዋጠው። ሽማግሌ ነው፤ የሚስቱም አባት ነው። መካኒኩ መጥቶ ሽብልቆቹን መለሰ፤ ብሎኖቹንም አጥብቆ አሰራቸው። እስከ ድልድዩና ከዚያም አልፎ ነድቶ መጣ።

«እንደ ጀልባ ነው የምትሄደው» አለ። ለገበሬው ግን ሰላምታ አልሰጠውም።

ዕቃው ተጫነ። ሞተሩ ተነስቷል። አማቹ ከኋላ ሆኖ ከመካኒኩ ጋር የመጨረሻውን ገመድ ይስባል። አማቱን አልተሰናበተም፤ የሚሰናበተውም አይመስልም። ልጅቱ ገብታ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ፊት ለፊት ነው።

ገበሬው በእሷ በኩል ዞሮ መጣና በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ሁለተኛ አልዋሽልሽም» አላት በጆሮዋ። «መሄድ ካልፈለግሽ በአፍሽ ንገሪው።»