አራት ሚሊ ሊትር

ጠርሙሱ የሚይዘው ሠላሳ ሚሊ ሊትር ነው። ታሊያ ጠዋት ግማሽ፣ ማታ ግማሽ ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ስባ ከምላሷ ሥር ታደርጋለች። ስለዚህ በአሥራ ስምንተኛው ቀን አሥራ ሁለት መቅረት ነበረበት። የቀረው ስምንት ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው። ሲሪንጁን በውሃ ሞክራ ለካችው፤ ልክ ነው። ጠርሙሱን የምታስቀምጥበትን መሳቢያ ዳበሰች፤ የፈሰሰ ነገር የለም።

ዘይቱ ከካናቢስ የተሠራ ነው። ያዘዘችላት ታምወርዝ ከተማ ያለችው ሐኪሟ ናት። የታሊያ ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል፤ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅልና የወር አበባ በመጣ ቁጥር ያብጣል፣ ይደማል። በሃያ አራት ዓመቷ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆናለች። ከዘይቱ በፊት በወር አምስት ቀን ከአልጋ አትነሳም ነበር። አሁን ትነሳለች፤ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ሥራም ይዛለች። ሐኪሟ ግን አስጠንቅቃታለች፤ ጠርሙሱ ከሠላሳ ቀን በፊት ካለቀ፣ ከታዘዘላት በላይ እየወሰደች ነው ተብሎ መድኃኒቱ ይቆማል።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ታሊያ፣ እናቷ ጆዲ፣ እና ከሁለት ወር በፊት የቄራ ሥራውን ለቆ የተመለሰው ታላቅ ወንድሟ ላክላን። ላክላን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከትምህርት ቤት ጀርባ ሀሺሽ ሲያጨስ ተይዞ ያውቃል።

"ፋርማሲስቷ መጣች" ይላታል ሲሪንጁን ባየ ቁጥር። "ለወንድምሽ አንዲት ጠብታ እንኳ የለም?"

ጆዲ በዚህ አትስቅም። የትምህርት ቤቱን የምሳ ክፍል የምትመራ፣ ቢራ እንኳ የማትቀምስ ሴት ናት። ዘይቱ ቤት የገባ ቀን "በእኛ ጊዜ ፎጣ ነክሰን ሥራ እንሄድ ነበር" ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተለሳልሳለች። ሰሞኑንማ ፊቷ ፈክቶ ሣሩን ራሷ እያጨደች ነው።

ታሊያ ጠዋት የራሷን ወስዳ ጠርሙሱ ላይ በጥፍር ቀለም መስመር አሰመረች። ከሥራ ስትመለስ ዘይቱ ከመስመሩ ዝቅ ብሏል። ጠርሙሱን ከመሳቢያዋ አውጥታ መታጠቢያ ቤት፣ ሞዴስ ካርቶን ውስጥ ደበቀችው። ወንድ እጁን የማይሰድበት ቦታ።

በሁለተኛው ቀን እዚያም ጎደለ። እዚያ ድረስ መድፈሩ ይበልጥ አናደዳት።

የዚያን ዕለት ሕመሙ ጀምሯት ነበር። ሆዷ ላይ የምታደርገውን የፍል ውሃ ላስቲክ ስትፈልግ እናቷ ወንበር ላይ አገኘችው፤ ለብ ብሏል።

"ላንቺ ነበር የሞላሁት፤ ዘገየሽ" አለች ጆዲ።

ላክላን የማገዶ እንጨት ሲቆርጥ ውሎ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ዓይንህ ምን ሆነ?" አለችው ታሊያ።

"ሰጋቱራ ገብቶበት።"

"ሰጋቱራው የገባብህ ሞዴስ ካርቶን ውስጥ ነው?"

"ምን ትላለች ይቺ? እማ፣ ልጅሽ ጨርቋን ጣለች!"

"ዘይቴን እየጠጣህብኝ ነው! ሐኪሟ ብታቆምብኝ እንደ ድሮው ወለል ላይ መንከባለሌ ነው። ገባህ?"

የላክላን ሳቅ ጠፋ። "ታል፣ እሙት አልነካሁትም።"

"እና ማን ነው? ድመቷ ናት?"

ሁለቱም ወደ እናታቸው ዞሩ። ጆዲ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታጥባለች። የታጠበውን ድስት አንስታ ደግማ አጠበችው።

"ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ" አለች ታሊያ።

ጆዲ ቧንቧውን ዘጋች።

"ለጊዜው አክስትህ ጋ ብትሰነብት፣ ላኪ" አለች ጆዲ ሳትዞር።

በማግስቱ ጠዋት ላክላን ሲሄድ አራት የእንቁላል ሳንድዊች ጠቅልላ በመኪናው መስኮት አቀበለችው። ፊቱን አላየችውም።

ሐሙስ ዕለት ታሊያ ሐኪሟን ልታስረዳ ቀጠሮ ነበራት። መድኃኒቱ ከታዘዘላት ጀምሮ የራሷ መኪና ሸራ ለብሳ ቆማለች። ፖሊስ መንገድ ላይ ምላስ የሚያስጠርግበት ምርመራ ዕፁ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው የሚያየው፤ የሐኪም ወረቀት ቢኖርም አያድንም። ስለዚህ የትም የምታደርሳት እናቷ ናት።

ጆዲ ከከተማው እንደወጡ ወደ ኮረኮንቹ መንገድ ታጠፈች።

"በዚህ ይረዝማል እኮ" አለች ታሊያ።

"ዋናው ላይ ጥገና አለ።"

ታሊያ የጥገና ምልክት አላየችም፤ ግን አልተከራከረችም። ሐሳቧ ወንድሟ ላይ ነበር።

"የከፋኝ መካዱ ነው" አለች። "አሞኝ ነው ቢለኝ እኮ አካፍለው ነበር።"

"ታካፍይው ነበር?"

"ይሄ ይጠየቃል?"

ጆዲ መሪውን አጥብቃ ያዘች። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ኮረኮንቹ ድልድዩ ጋ አልቆ ከዋናው መንገድ ገጠሙ። ከድልድዩ ማዶ ፖሊሶች ቆመዋል። ጆዲ ፍሬኑን ድንገት ረገጠች።

"እማ፣ ምን ያስደነግጥሻል?" አለች ታሊያ እየሳቀች። "የሚመረመረው ሹፌር ነው!"

ወጣቱ ፖሊስ በልጅነቱ ከምሳ ክፍሏ ያልጠፋ ተማሪ ነበር። "ጆዲ! ዛሬስ የሥጋ ፓይ የለም?" አላት። ምላሷን በትንሽ የመመርመሪያ ፕላስቲክ አስጠርጎ ፕላስቲኳን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠ። "ለወጉ ያህል ነው፤ አምስት ደቂቃ ይታገሱኝ።"

ዝናቡ ዘንድሮ ስለ መዘግየቱ አወራ። ታሊያ መለሰችለት። ጆዲ ሁለት እጇን መሪው ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች።

ፖሊሱ ፕላስቲኳን አነሳ። አየት አድርጎ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ደግሞ አያት። መጀመሪያ ታሊያን ተመለከተ፤ ከዚያ እናቷን።

"ጆዲ፣ ቁልፉን ይስጡኝና ይውረዱ" አለ።