የሸሪኩ ካፖርት

«ሲጋራ? ኧረ በጭራሽ!» የአናጢው ሚስት ከባሏ ቀድማ ለሐኪሟ መለሰች። «ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር አንዲት ፍሬ በከንፈሩ ላይ አላየሁም።»

አናጢው ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ አልጋው ላይ ተኝቷል። ከእንብርቱ በላይ የጀመረው ህመም ጀርባው ድረስ ዘልቆ ይወጋዋል። በዚህ ዓመት ብቻ ቆሽቱ ሲቆጣ ሁለተኛ ጊዜው ነው። መጠጥ በአፉ አይዞርም፤ ሐሞቱ ውስጥም ጠጠር አልተገኘም። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ምክንያቱን ትፈልጋለች።

«ሲጋራ ከቆሽት ጋር ምን አገናኘው?» አለ በሩ ሥር የቆመው ሸሪኩ። ሁለቱ አንድ ወርክሾፕ ውስጥ በርና መስኮት ሲሠሩ ነው ያረጁት። «እኔ ጠቡ ከሳንባ ጋር ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

«ከቆሽትም ጋር ነው። የሚያጨስ ሰው ካላቆመ ህመሙ ይመላለስበታል። ውሎ አድሮ ካንሰርም ሊያመጣበት ይችላል።»

ሚስቲቱ ወደ በሩ ዞረች። «ሰማህ፣ አንተ ምድጃ? ይኸው ካፖርትህ አሁንም ይሸታል! ሸሚዙን ባጠብኩ ቁጥር የምረግመው ማንን ይመስልሃል?»

«እኔን ነዋ፣ እትዬ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ጆሮዬን የሚበላኝ ለዚህ ነው።»

«ቀልድ አንተ! ትልቋን ልጄን ስድር ያልጠራሁህ ጠልቼህ መሰለህ? ይህን ባሌን አጭሰህ ልትገድልብኝ ነው።»

አናጢው ህመሙ ጋብ ብሎለት ሳለ አቃሰተ። ማንም ምንም እንዳይጠይቀው ነው ያቃሰተው። ሚስቱ ፈጥና ግንባሩን በመዳፏ ዳበሰችው። «አይዞህ የኔ ጌታ» አለችው፤ እሱም ዓይኑን ጨፈነ።

ሸሪኩ ማጨስ ከተወ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱ ገና ሲያጨስ ሚስቲቱ የባሏን ሸሚዝ አሽትታ ስትጠይቅ አናጢው «የሸሪኬ ጭስ ነው» ብሏት ነበር፤ ግማሹ እውነት ነበር። በኋላ እውነቱ ቀረና ውሸቱ ብቻውን ቀጠለ። አናጢው ልብሱ እንዳይሸት የሸሪኩን ካፖርት ደርቦ ከጣውላው ክምር ጀርባ ያጨሳል። ሸሪኩ ደግሞ ማታ ያንኑ ካፖርት ለብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንድም ቀን አጉረምርሞ አያውቅም። ባልተጠራበት ሰርግ ማግስት እንኳ «ሙሽሪት አማረባት?» ብሎ ጠይቆ ወደ መላጊያው ነው የተመለሰው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር» አለ አሁን፣ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ። «እንደዚያ ብለው ይጻፉት።»

ሐኪሟ ግን በሽተኛውን ነበር የምታየው። «ከእርስዎ አፍ ልስማው። አጭሰው አያውቁም?»

የሚስቱ መዳፍ ግንባሩ ላይ ነው። ከሱ በላይ እርግጠኛ የሆነ መዳፍ ነው።

«አጨሳለሁ» አለ።

«በቀን ስንት?»

«አሥር። አንዳንዴ አሥራ አምስት።» ዓይኑን አልገለጠም። «ካፖርቱ የሱ ነው። ጭሱ የኔ ነው።»

መዳፏ ከግንባሩ ተነሳ። ስድቡን ጠበቀ፤ አልመጣም። የብዕሩን ጭረት ሰማ፤ ቀጥሎ ወንበር ወለሉን ሲፍቅ ሰማ።

ዓይኑን ሲገልጥ ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታዋለች። የክፍሉን ብቸኛ ወንበር ሸሪኩ ፊት አድርጋ፣ አቧራ ሳይኖርበት በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች። «ተቀመጥ፣ ወንድሜ» ትላለች በቀስታ። ሸሪኩ አልተቀመጠም። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ ባዶውን ወንበር መሃል አድርገው ቆመዋል።